ዩፒኤፍ ምንድን ነው? ለሕፃናት ቀላል የፀሐይ መከላከያ ልብስ ለሚሰፉ

ዩፒኤፍ አንድ ጨርቅ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ምን ያህል እንደሚያስቀር የሚገልጽ ቁጥር ነው። ዩፒኤፉ 50 የሆነ ጨርቅ ካረፈበት ጨረር ከሃምሳ አንዱን እጅ፣ ማለትም 2 በመቶውን ብቻ ወደ ቆዳ ያሳልፋል። ለዚህ ልኬት ቀድመው ደረጃ ያወጡት አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሲሆኑ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1996 ነበር።

ጉዳዩ ሰሜን ሸዋን በቅርብ ይመለከታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። በደጋው ብርድ ስላለ ልጁን እኩለ ቀን ላይ ሳይቀር «ፀሐይ ይሙቅ» ብለን ደጅ እናስቀምጠዋለን፤ ነገር ግን ቆዳን የሚጎዳው ጨረር ሙቀት ስለሌለው፣ የአየሩ መቀዝቀዝ ስለ ብርታቱ ምንም አይነግረንም። ጨረሩ የሚበረታው በተለይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ችግሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ሙቀቱ ልጁን እንድናራቁተው ይገፋፋናል።

ለሁለቱም የሚበጀው ቀላል ልብስ ነው፤ ቀላል ማለት ግን ሳሳ ያለ ማለት አይደለም። ጨረሩን በዋናነት የሚያግደው የድሩና የማጉ መቀራረብ ነው። ለሦስት ዓመት ልጄ ሸሚዝ ልሰፋ ስነሣ ነጠላና ፖፕሊን በየተራ በመስኮት ብርሃን ላይ ዘርግቼ እጄን ከኋላ አደረግሁ፤ በነጠላው ጣቶቼ አንድ በአንድ ተቆጠሩ፣ በፖፕሊኑ ግን ጥላ ብቻ ታየ። ዓይን አልትራቫዮሌትን ስለማያይ ይህ ፈተና ቁጥሩን አይሰጥም፤ የማይሆነውን ጨርቅ ለመለየት ግን ይበቃል። ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ደመቅ ያለ ቀለም የተነከረው ከነጩ ይበልጥ ጨረር ይውጣል። ነጭ ጥጥ ደግሞ ሲረጥብ መከላከያው ይቀንሳል።

የጥጥ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ ይድረቅ፤ ሲሰበሰብ ክሩ ይቀራረባል፣ ልብሱም በኋላ አይጠብም። የተወጠረ ጨርቅ ክሩ ስለሚላቀቅ አሰፋፉ ሰፋ ያለ፣ እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ ቢሆን ይመረጣል። ፀሐይ በብዛት የሚያርፍበትን ትከሻ እኔ ሁልጊዜ እደርበዋለሁ፤ ኮሌታውንም ማጅራት እንዲሸፍን ቆም አደርገዋለሁ። የሕፃን ባርኔጣ ላይ ግን አንገት ሥር የሚታሰር ገመድ ፈጽሞ አይደረግም፤ ሊያንቀው ይችላል።

ልብሱ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲተላለፍ ትከሻውንና ክርኑን እንደገና ብርሃን ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ አርጅቶ ከሳሳ ከውስጥ በኩል ሌላ ጨርቅ ይደረብለታል።