ወደ ሞቃታማ ደሴት ሲጓዙ ሻንጣ ውስጥ ምን ይግባ?

ሞቃታማ ደሴቶች የሚባሉት ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም እስከ 23.5 ዲግሪ ገደማ ባለው ክልል ውስጥ የሚገኙት ናቸው። ማልዲቭስ፣ ሲሸልስ፣ ዛንዚባር፣ ባርቤዶስና ፊጂ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። ወደነዚህ ቦታዎች ለመሄድ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ልብስ ነው። ልብስ ግን ቀላሉ ነገር ነው። ትንሽ ደሴት ላይ አብዛኛው ዕቃ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ተጭኖ ስለሚመጣ ሱቁ ውስጥ ምርጫ የለም፤ ያለውም ውድ ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው እዚያ እንደልብ ለማይገኘው ዕቃ መሆን አለበት።

ከሁሉ በፊት ፀሐይዋ። እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ነው የምትቆመው። የአልትራቫዮሌት ጨረር መለኪያው 11ና ከዚያ በላይ መግባቱ የተለመደ ነው፤ ከዚህ በላይ ደረጃ የለም። የባሕሩ ነፋስ ስለሚያቀዘቅዝ ቆዳ ሲቃጠል ቶሎ አይታወቅም። ማታ ነው ጀርባ አልጋ አላስነካ የሚለው። ኤስፒኤፍ (ክሬሙ ከፀሐይ የሚከላከልበት መጠን) 30 የሆነ ክሬም በደንብ ከተቀቡት ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ያስቀራል፤ 50 የሆነው 98 በመቶ። ስለዚህ በቁጥሩ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ትልቁ ቁም ነገር መጠኑ ነው። አንድ አዋቂ ሰው መላ ሰውነቱን ለመቀባት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል። በየ2 ሰዓቱና ከውሃ በወጣ ቁጥርም መድገም አለበት። እንግዲህ አስቡት፤ ባለ 100 ሚሊ ሊትሩ ቱቦ ባሕር ዳር ከተዋለ ለአንድ ሰው አንድ ቀንም ላያደርስ ነው! ትልቁን ገዝቶ በሚጫነው ሻንጣ መክተት ይሻላል፤ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አብዛኞቹ አየር ማረፊያዎች አያሳልፉም። እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ደግሞ ክሬሙን በግማሽ ይቆጥባል። ይህን ልብስ ለልጆች ሳይዙ መሄድ ተገቢ አይመስለኝም።

ክሬሙ ሲገዛ የጀርባው ጽሑፍ ይነበብ። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉት ኬሚካሎች ኮራልን (ባሕር ውስጥ እንደ ድንጋይ ጠንክረው የሚያድጉትን ጥቃቅን እንስሳት) ይጎዳሉ ተብሎ የፓሲፊክ ደሴት አገር የሆነችው ፓላው ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ሃዋይ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ እነዚህ ያሉባቸው ክሬሞች እንዳይሸጡ ከልክለዋል። በዚንክ ኦክሳይድ የተሠራው የተሻለ አማራጭ ነው።

ቀጥሎ ትንኝ። ወባ የምታስተላልፈው በአብዛኛው ማታ ትነክሳለች። ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ግን ቀን ነው የምትናከሰው፤ አጎበር ብቻውን አያድንም። ዲት ወይም ፒካሪዲን የተባለ ትንኝ የሚያባርር ኬሚካል ያለበት የሚቀባ መከላከያ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የፀሐይ ክሬሙ፣ እሱ ሲደርቅ የትንኙ ይቀባል።

ልብስ ቀለል ያለና ቶሎ የሚደርቅ ይሁን፤ ለአንድ ሳምንት ሦስት አራት ቅያሪ ይበቃል። ከሪዞርት ወጥቶ መንደር ውስጥ ለመዘዋወር ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ መያዝ ጥሩ ነው። የወታደር ልብስ የሚመስል ዥጉርጉር ነገር ግን ይቅር፤ ባርቤዶስና ጃማይካ ሲቪል ሰው እንዳይለብሰው በሕግ ተከልክሏል። ኮራል እግርን ይቆርጣል፣ ቁስሉም በቀላሉ ያመረቅዛል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ የሚገባበት የጎማ ጫማ አይረሳ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚጠይቁ ደሴቶች አሉ። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የመጨረሻው ሳምንት ላይ መሯሯጥ ዋጋ የለውም። አንዴ ከተከተቡ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ማልዲቭስ የሚሄድ አልኮል እንዳይዝ፤ ጉምሩክ አያስገባውም። መድኃኒት ከነካርቶኑ፣ ፓወር ባንክም እንዲሁ በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ፓወር ባንክ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው። የሶኬቱ ነገርም አለ። ማልዲቭስ፣ ሲሸልስና ዛንዚባር በብዛት ያለው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግሩ የእንግሊዝ ሶኬት ነው፤ ፊጂ ደግሞ የአውስትራሊያው። ለሁሉም የሚሆን አንድ አዳፕተር ከያዙ ይበቃል።