«ጥጃው ራሱ ወጣ» ለምንል ፕሮግራመሮች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ወንድሞቼ እህቶቼ እንኳን ለእመቤታችን የዕርገት በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

በፍልሰታ ከቅዳሴ በኋላ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ቁጭ ብለን ነበር፣ ብዙዎቹ እንደኔ ፕሮግራመር ናቸው፣ ወሬው ሁሉ ስለ ሶፍትዌር መሥሪያ መሣሪያዎች፣ ፍላተር ይሻላል ሪአክት ኔቲቭ፣ ላራቬል አርጅቷል አላረጀም ሆነና ድምፅ እስኪጨምሩ ተከራከሩ፣ ግን አንዱም ሌላውን «ለመሆኑ ምን እየሠራህበት ነው?» አላለውም። ከመሃላቸው ለቤቲንግ (የስፖርት ውርርድ) ድርጅት የሚሠሩ አሉ። ከዛን ቀን ጀምሮ ከብዶኛል።

ዘፀአት 31 ላይ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ መንፈሱን የሞላበት ወርቅ እንዲሠራ፣ ዕንቁ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። የእጅ ሙያ ከሱ የሚሰጥ ጸጋ ነው ማለት ነው፣ ኮድ መጻፍም። ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ 32 ላይ ግን የሕዝቡ የጆሮ ወርቅ ጥጃ ሆኗል። ቁጥር 4 አሮን በመቅረጫ እንደቀረጸው በግልጽ ይናገራል፣ ሙሴ ሲጠይቀው ግን ቁጥር 24 ላይ ምን ብሎ መለሰ? ወርቁን እሳት ውስጥ ጣልኩት፣ ይሄ ጥጃ ወጣ። ራሱ ወጣ! ይቺን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል፣ የኛ ንግግር ናታ። «ክላየንቱ ያዘዘውን ነው»፣ «እኔ ባክኤንድ (ከጀርባ ያለውን፣ ተጠቃሚው የማያየውን ክፍል) ብቻ ነኝ» እንላለን። ወንድሜ፣ የቤቲንጉን መተግበሪያ ገንዘብ ማስገቢያ አንዴ ተነክቶ የሚያልቅ፣ ማውጫውን ግን ተፈልጎ የማይገኝ ያደረገ እጅ አለ። ደሞዝ በገባ ማታ ለሚወራረደው ልጅ ስልክ ኖቲፊኬሽን እንዲሄድለት ሰዓቱን የሞላ እጅ አለ። የዛ ልጅ እናት ደጀ ሰላም ላይ ታለቅሳለች፣ እኛ አጠገቧ ቆመን እናስቀድሳለን።

ኑሮ እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። ሥራ ባጣሁበት ሰሞን የቤት ኪራይ ደርሶብኝ እንቅልፍ አጥቼ እያለ እንዲህ ያለ ድርጅት ጥሩ ደሞዝ አቀረበልኝ፣ ልቤ ሄዶ ነበር። የንስሐ አባቴ ጋ ስሄድ ብዙም አልተናገሩኝም፣ ይሄንኑ ምዕራፍ አውጥተው አስነበቡኝና «እስከ 36 ድረስ ቀጥል» አሉኝ።

36 ላይ ያው ሕዝብ ለድንኳኑ ሥራ ስጦታ እያመጣ እያመጣ ሙሴ «ይበቃል» ብሎ አስከለከለ። ጥጃ የሠራ ሕዝብ እኮ ነው! እግዚአብሔር ዳግመኛ ከእጃቸው ተቀበለ።

አንዷ እህታችን የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበት ቀን የሚገኝበት የቤተክርስቲያናችን የዘመን ስሌት፣ ማስሊያ ሠርታለች። የ2017ን ስታሰላ የስሌቱ ቁጥሮች ወንበር 11፣ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ሆነው መጡላት፣ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ እሱኑ ቴስት (ኮዱ በትክክል ማስላቱን መፈተሻ) አድርጋ ጻፈችው። ፍሬምወርክ (እንደ ላራቬል ያለ ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) አልተጠቀመችም፣ የአባቶች ስልክ አሮጌ ነው ዳታም ውድ ነው ብላ በተራ ጃቫስክሪፕት ቀለል ያለች አንድ ገጽ አድርጋ ሠራችው፣ አንዴ ከተከፈተች ያለ ኢንተርኔት ትሠራለች። ለኔ ቴክኖሎጂ መምረጥ ይሄ ነው፣ የሚጠቀመውን ሰው አስቦ መምረጥ።

እና አንተ የቤቲንግ ሥራ ላይ ያለኸው ወንድሜ፣ ነገውኑ ልቀቅና ልጆችህ ይራቡ የሚልህ የለም። መጀመሪያ የንስሐ አባትህን አማክር፣ ከዛ ሲቪህን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ሥራ የሚቀጥሩ የማውቃቸው ሰዎች ጋ አደርስልሃለሁ፣ እስክታገኝም አብረን እንፈልጋለን።