«15 ሜትር ምን አላት?»፦ ስለ አጭር የዐለት መውጫ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ቡና ይዘን በተቀመጥን ቁጥር ስልኬ ከእጅ እጅ ይዞራል። ቪዲዮው ላይ አንድ ሰው ገመድ ታጥቆ ዐለት ይወጣል፤ ዐለቱ ከአራት ፎቅ አይበልጥም። ሰውየው ገና ሦስተኛው ቦልት (ዐለቱ ላይ የተተከለ፣ ወጪው ሲያልፍ ገመዱን የሚያያይዝበት ብረት) ሳይደርስ አስተያየቱ ይጎርፋል። እኔ ስፖርቱን፣ ስፖርት ክላይሚንግ የሚባለውን፣ የተማርኩት ውጭ አገር ለትምህርት ሄጄ፣ ስወድቅ ስነሳ ነው። እዚህ ከተመለስኩ ወዲህ ለጓደኞቼ ስመልስ የከረምኩትን እነሆ።

«አጭር ከሆነማ ቀላል ነው»

ከሁሉ የምሰማው ይህን ነው። ረጅም መውጫ (ዐለቱ ላይ የሚወጣበት መስመር) ላይ ክንድ የሚያሳርፉበት እርከን አይጠፋም። አጭሩ ላይ ግን ፈተናው በሙሉ ስድስት ሰባት እንቅስቃሴ ውስጥ ይታጨቃል፤ አንድ እግር ካሳሳቱ ማስተካከያ ቦታ የለም። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ጉሊሽ እ.ኤ.አ. በ1991 አገሩ ባለው የፍራንከንዩራ ዐለታማ አካባቢ የወጣባት መውጫ፣ «አክሲዮን ዲሬክት»፣ ቁመቷ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ደረጃዋ ግን በፈረንሳዮቹ መለኪያ 9ኤ፣ በዘመኑ ከዓለም ከባዶቹ አንዷ ነበረች። አንዳንዱ መያዣዋ አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ጉድጓድ ነው።

ግራ የሚያጋባን ኦሎምፒክ ይመስለኛል። የፍጥነት ውድድሩ ግድግዳም 15 ሜትር ነው፤ ፓሪስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካዊው ሳም ዋትሰን በ4.74 ሰከንድ ጨርሶታል። ያ ግድግዳ ግን የትም አገር አንድ ዓይነት ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘውታል። ዐለት እንዲህ አይሸመደድም።

«ገመዱ ይጎትተዋል»

ይህ የመጣው ከደብረ ዳሞ ነው ብዬ አምናለሁ። እዚያ በጠፍር ገመድ እየተሳቡ ነው የሚወጣው፤ ሌላ ጠፍር ወገብ ላይ ይታሰርና መነኮሳቱ ከላይ ይስባሉ። በስፖርት ክላይሚንግ ገመዱን መጨበጥ ነውር ነው። ገመዱ የሚመጣው ከታች፣ ከገመድ ያዡ ነው፤ ሥራውም ሲወድቁ መያዝ ብቻ ነው።

«ጡንቻ ያለው ያሸንፋል»

ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ብዙም ሳይርቅ፣ ከሰው ቁመት የማይበልጡ ጥቁር ድንጋዮች ላይ እግር አቀማመጥ እንለማመዳለን። ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሳ ጓደኛዬ በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ እግሩ አየር ላይ ሲቀዝፍ፣ የ15 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ወጥታ ላዩ ላይ ተቀመጠች። ምን አደረገች? እግሯን የምታሳርፍበትን ጠርዝ እስክትረግጠው ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። የረገጠችው በመሐል እግሯ ሳይሆን በአውራ ጣቷ ጫፍ ነበር። ዳሌዋን ወደ ድንጋዩ አስጠግታ ክንዷን ዘረጋች፤ የታጠፈ ክንድ ቶሎ ይዝላልና። ቁመትም ቢሆን ሰበብ አይሆንም፦ 1.57 ሜትር የሆነችው አሜሪካዊቷ ሊን ሂል እ.ኤ.አ. በ1993 ኤል ካፒታን በሚባለው የአሜሪካ ግዙፍ ዐለት ላይ «ዘ ኖዝ» የተባለውን መውጫ በገመድ ሳትሳብ ስትወጣ ከእሷ በፊት ያደረገው ወንድ አልነበረም።

«ዝቅ ካለ መውደቁ አይጎዳም»

እዚህ ላይ ስሌት እንሥራ፤ ብዙ ሰው የሚሰበረው እዚህ ነውና። የመጀመሪያው ቦልት 3 ሜትር፣ ሁለተኛው 5 ሜትር ላይ ነው እንበል። ወገብህ 4 ሜትር ላይ እያለ ሁለተኛው ላይ ለመቆለፍ ገመድ ስበህ ወደ ላይ ተንጠራራህ። ከመጀመሪያው ቦልት እስከ እጅህ 2 ሜትር፣ ከእጅህ ተመልሶ እስከ ወገብህ 1 ሜትር፣ ድምሩ 3 ሜትር። ያኔ እግርህ ቢከዳህ ከቦልቱ በታች 3 ሜትር ትወርዳለህ። መሬት ማለት ነው፤ ገመዱ ገና ሳይለጠጥ፣ ያዥህም ትርፍ ገመድ ሳይሰጥህ። ሁለተኛው ቦልት ወገብህ ትይዩ ሲደርስ ብትቆልፍ ግን ከመጀመሪያው ቦልት በላይ ያለህ ገመድ 2 ሜትር ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ምቾት የለውም። ከፍ ብለህ ስድስተኛው ቦልት ላይ ብትወድቅ ግን ይኸው ገመድ አየር ላይ ያስቀርሃል። ስለዚህ ወጪው ገና ዝቅ ብሎ ሳለ ያዡ ወደ ዐለቱ ተጠግቶ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቅ።

ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ካራቢነር (ተከፍቶ የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) አስሮ፣ ከመሬት ሆኖ ገመዱን የመጀመሪያው ቦልት ላይ መስቀልም አለ። «ማጭበርበር ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ አላፍርበትም፤ የታንኳ ቀዛፊዎቻችን የሚይዙት ዓይነት ቀርከሃ ይበቃል።

«ባንዴ ካልወጣው አልቻለውም ማለት ነው»

ሰው ወድቆ፣ አርፎ፣ ደጋግሞ ሲሞክር አይተው ይስቃሉ። ጀርመናዊው ዐለት ወጪ ኩርት አልበርት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ እዚያው ፍራንከንዩራ ውስጥ፣ ሳይወድቅና ገመድ ላይ ሳያርፍ የጨረሰው መውጫ ሥር ቀይ ነጥብ ይቀባ ነበር። ደጋግሞ ተለማምዶ በመጨረሻ አንዴም ሳይወድቁ መጨረስ እስከ ዛሬ «ሬድፖይንት» («ቀይ ነጥብ») የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

«ጢስ ዓባይ ጥቂት ብረት መትተን እንጀምር»

የባጃጅ ሾፌር ጎረቤቴ ሐሳብ ነው፤ ልቡ ቀና ነው። ፏፏቴው አጠገብ ያለው ዐለት ግን በጭጋጉ ይርሳል፣ ያዳልጣል፣ ክረምት ላይማ ጭራሽ አይነካም። ባዛልት (ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ደረቅ ሲሆን ጠርዙ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ የሚያስተጋባው ድንጋይ ሊገነጠል የተዘጋጀ ነው። ቦልትም ምስማር አይደለም፤ በድሪል ተበስቶ፣ ጤነኛ ዐለት ውስጥ፣ በማይዝግ ብረት፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ይገባል። ጥቁር ድንጋይ በቀትር ፀሐይ ሲግል ጣት ያልባል፤ ስለዚህ እኛ የምንወጣው በጠዋት ነው። አመሻሹም ይበርድ ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ዳርቻው የጉማሬ ነው።

«አናቱ ከደረሰ አለቀ»

አላለቀም። አናቱ ላይ ገመዱን በተተከለው ብረት አዛውሮ መውረድ ከያዡ ጋር በቃል የመግባባት ጉዳይ ነው። «ልቀቅ!» ብሎ የጮኸ ሰው ገመድ አላላልኝ ማለቱ ይሁን ከናካቴው ተወኝ ማለቱ አይታወቅም፤ ነፋስ ካለ ደግሞ «ልቀቅ»ም «ጠብቅ»ም እኩል ይደበላለቃሉ። እኛ ያን ቃል ጥለነዋል። ከመሬት ሳንነሳ እንስማማለን፦ ስም ይቀድማል፣ ከዚያ «አላላ» ወይም «ያዝ» ወይም «አውርደኝ»፤ ያዡ ቃሉን መልሶ እስኪጠራ ድረስ ማንም እጁን ከገመዱ አያነሳም።