የ«አንቺ ሆዬ» ባለቤት ማን ነው? ስለ ማሲንቆ ዜማ የሚደጋገሙ ስህተቶች

«መምህር፣ ይሄ እኮ የእገሌ ዘፈን ነው።» ማሲንቆ ሳስተምር ሁሌ የምሰማው ነገር ነው። የሠርጉን ዜማ «አንቺ ሆዬ ለኔ»ን ገና ስጀምርላቸው፣ ተማሪዎቼ ስልካቸውን አውጥተው አንድ ቅጂ ይከፍቱልኛል። «ኦሪጅናሉ ይሄ ነው» ይሉኛል። በእውነት ሰልችቶኛል። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ትንንሾቹን ስህተቶች ልጨርስ።

«ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፤ ስለዚህ ብዙ አይጫወትም።» ክሩ አንድ ላይ የታሰረ የፈረስ ጭራ ነው። ጣት ክሩን ከጎን ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። ክሩ ሳይነካ አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ አራቱ ጣቶች ደግሞ አራት፤ በድምሩ አምስት። ቅኝቶቻችን፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ስብስቦች፣ ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ታዲያ ምን ጎደለው?

«ማሲንቆ ያለው ጎንደርና ጎጃም ብቻ ነው።» ትግራይና ኤርትራ ሄዳችሁ ጭራ ዋጣ የቱ ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ማሲንቆን ያሳዩአችኋል። ኦሮሞዎችም ይጫወቱታል።

«ችክችካን ያመጣው ኪቦርድ ነው።» ከበሮና ጭብጨባ ኪቦርድ ሳይወለድ በፊት ይህን ምት ይመቱት ነበር።

«አዝማሪ ለመጠጥ የሚዘፍን ሥራ ፈት ነው።» ይሄኛው ያናድደኛል። አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሙያ ነው። ጎንደር አካባቢ እንደ ቡርቧክስ ያሉ የአዝማሪ መንደሮች አሉ። እዚያ ልጅ ማሲንቆ የሚይዘው ገና በጨቅላነቱ ነው። ሴቶቹም ይዘፍናሉ፣ ግጥም ይደረድራሉ። ጣሊያን በገባ ጊዜ አዝማሪ ወሬ አድራሽና ቀስቃሽ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችን እያስለቀመ ያስገደለው ለዚህ ነው። ሥራ ፈትን ማን እንዲህ ይፈራል?

«አራቱን ቅኝቶች የደረሰው ቅዱስ ያሬድ ነው።» ይህንን የተማሩ ሰዎችም ይሉታል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ የሰጠን ሦስት የዜማ ስልቶች ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ናቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የዓለማዊው ሙዚቃ ቅኝቶች ናቸው። ያሬድን ለማክበር ያልሠራውን ሥራ መጨመር አያስፈልግም፤ የሠራው ይበቃዋል። ደግሞም ስሞቹን እዩአቸው። አምባሰል የወሎ ተራራ ነው፣ ባቲ የወሎ ከተማ። አንቺሆዬ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ከሠርጉ ዜማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። የአምባሰልን ደራሲ ስም ልትነግሩኝ ትችላላችሁ? አትችሉም፤ ማንም አይችልም። ታዲያ «አንቺ ሆዬ» ላይ ስትደርሱ ለምን አንድ ባለቤት ትፈልጉለታላችሁ? አንድ ዜማ ለሙሉ ቅኝት ስም እስኪሰጥ ድረስ በስንት እጅ እንዳለፈ አስቡት።

በሸክላ የኢትዮጵያን ዘፈን መጀመሪያ ካስቀረጹት አንዱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ጀርመን ሄደው። ከዚያ በፊት የተዳረ ሰው ሁሉ ያለ ዘፈን ነበር የተዳረው? መቅረጽና መድረስ ለየቅል ናቸው። ካሴቱ ላይ መጀመሪያ የገባ ዘፋኝ ዜማውን ያገኘው ከሠርግ ቤት ነው። ሠርግ ቤቱ ከእሱ አልተማረም።

ዜማው የሚሠራበትን መንገድ ማየት የፈለገ አዝማሪ ቤት ይቀመጥ። አዝማሪው ደጋኑን ዕጣን ቀብቶ ይጀምራል። ከጥግ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይወረውርለታል። አዝማሪው እዚያው ዜማ ላይ አስገብቶ ይመልሰዋል። ስንኙ ረዘም ካለ ዜማውን ይስበዋል፣ ካጠረ በማሲንቆው ይሞላዋል። በማግስቱ ሌላ ሰው ሌላ ስንኝ ይሰጠዋል። እንግዲህ ደራሲው ማን ነው? ስንኝ ሰጪው? አዝማሪው? አዝማሪውን ያስተማረው አባቱ?

እኔ «አንቺ ሆዬ»ን የተማርኩት ከአንድ የወሎ ሽማግሌ ነው። የስንኙ መጨረሻ ላይ ድምፁን በትንሿ ጣታቸው ያርገበግቡታል። በኋላ ጎንደር የሰማሁት አዝማሪ እዚያው ቦታ ላይ ደጋኑን ቁርጥ አድርጎ ያልፋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሁለቱም «ኦሪጅናል» የሚባል ነገር አያውቁም፤ «የአባቴ አመታት ነው» ነው የሚሉት።

ኦሪጅናል ፍለጋ ጆሮንም ያበላሻል። አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። ከኪቦርድ ቅጂ አንድ በአንድ ገልብጦ መጣ። በፒያኖ ከዶ ብንነሳ አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው። ልጁ አንዱንም አልሳተም። ግን ሙሽራ የሚያስነሳ ነገር አልነበረውም። ኪቦርዱ ላይ ድምፁ አንዴ ተተክሏል። ማሲንቆ ላይ ግን የድምፁን ቦታ የሚፈልገው ጣት ነው፤ ክሩም የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ልጁን ለተወሰነ ጊዜ ስልክ ከለከልኩት። ሠርግ ይዤው ሄድኩ፤ እናቶች ሲያጨበጭቡ ቁጭ ብሎ እንዲሰማ አደረግኩት። ከዚያ በኋላ እጁ ተፈታ።

የዘፋኙ ድርሻ የለም እያልኩ አይደለም። አዲስ ግጥም ከጻፈ ግጥሙ የእሱ ነው። ያቀናበረው ሰው ቅንብሩ የእሱ ነው። አዘፋፈኑም የራሱ ነው፤ ሊመሰገንበት ይገባል። ዜማው ግን የእሱ አይደለም። የድሮ ካሴት ሽፋኖች ላይ «ዜማ፦ የሕዝብ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ብዙ ሰው ይህን «ባለቤቱ ስላልታወቀ» ብሎ ይተረጉመዋል። አይደለም። ባለቤቱ ታውቆ ነው የተጻፈው።

ስለዚህ ልጆች፣ የምትጫወቱትን ስትለቁ እንዲህ አድርጉ። ዜማው የሕዝብ መሆኑን ጻፉ። ከማን እንደተማራችሁትና ሰውየው የየት አገር ሰው እንደሆነ ጨምሩ፤ ፈቃዱን ጠይቃችሁ። ግጥሙን የሰጣችሁ ሰው ካለ እሱንም ለይታችሁ ጥቀሱ። የሚቀጥለው ቤተሰብ ሠርግ ላይ ደግሞ ዲጄው ከመጀመሩ በፊት አክስቶቻችሁና አያቶቻችሁ የሚዘፍኑትን ቅረጹ፤ ቀኑንና ቦታውን መጻፍ አትርሱ።