እግሬ አላበጠም ማለት ደም አልረጋም ማለት አይደለም

የሳንባ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውን ሕሙማን ስከታተል ትዕግሥቴን ከሚፈታተኑት አባባሎች የሚብስብኝ «እግሬ አላበጠም፤ ስለዚህ ደም አልረጋብኝም» የሚለው ነው። ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ልባቸው በፍጥነት እየመታ፣ እግራቸውን ገልጠው ሊያሳምኑኝ የሚሞክሩ አሉ።

ሳንባን የሚዘጋው የረጋ ደም አብዛኛውን ጊዜ ከእግር ወይም ከዳሌ ጥልቅ ደም መልስ ተነቅሎ የሚመጣ መሆኑ እውነት ነው። ይሁንና እግር ሳያብጥም ሳያምም ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ ከሄደም በስፍራው የሚታይ ነገር ላይቀር ይችላል። በዚህ ቀዶ ሕክምና ላይ ደግሞ በአንገትና በክንድ በኩል ወደ ትልልቅ ደም መልሶች የሚገቡ ቱቦዎች አሉ፤ በእነርሱ ዙሪያም ደም ይረጋል። አንዲት ታካሚዬ እግሯ ደህና ነበር፤ ቀለበቷ እንደጠበባት የነገረችኝ ልትወጣ ስትል እንደ ዋዛ ነው። ክንዷ በአልትራሳውንድ ሲታይ ደም ረግቶ ተገኘ።

ይህን ያህል የምቆጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ጤነኛ ሳንባ ደም የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ ከልብ በሚመጣው ትልቁ የሳንባ ደም ቅዳና ከዋናው ደም ቅዳ በሚነሡ ቀጫጭን ቅርንጫፎች። በንቅለ ተከላ ጊዜ ቀጫጭኖቹ አብዛኛውን ጊዜ አይገናኙም። ስለዚህ ትልቁ መስመር ሲዘጋ የሚደርስለት ረዳት የለውም፤ የተዘጋበት የሳንባ ክፍል ሊሞት ይችላል።

«ትንፋሽ ካጠረኝ ሰውነቴ አዲሱን ሳንባ አልተቀበለም ማለት ነው።» ሊሆን ይችላል፤ ኢንፌክሽንም፣ የረጋ ደምም ሊሆን ይችላል። የረጋ ደም መኖሩን የሚያሳየው በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶ የሚነሣ የሲቲ ስካን ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

«አስፕሪን ስለምወስድ ይበቃኛል።» አይበቃም።

«ደም ማቅጠኛው የረጋውን ያሟሟዋል፤ ከተሻለኝ አቆመዋለሁ።» መድኃኒቱ የረጋው እንዳይጨምር ይከላከላል፤ የሚያሟሟው ሰውነት ራሱ ነው፣ ጊዜም ይፈልጋል። ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር የሚቆየው ለዚህ ነው። በራሳችሁ ፈቃድ አታቁሙ። እንደ ቮሪኮናዞል ያሉ የፈንገስ መድኃኒቶች የደም ማቅጠኛውንም፣ ሰውነት አዲሱን ሳንባ እንዲቀበል የሚሰጠውን የታክሮሊመስንም መጠን በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ ማንኛውም ሐኪም አዲስ መድኃኒት ሲያዝላችሁ የምትወስዱትን ሁሉ በዝርዝር አሳዩት። ሐኪም ሲፈቅድላችሁ ከአልጋ ተነሥታችሁ ተራመዱ። ያበጠ እግር ወይም ክንድ አታሹ። ድንገት ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ደረታችሁን ከወጋችሁ ወይም ደም የተቀላቀለበት አክታ ካያችሁ የቀጠሮ ቀን አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ንቅለ ተከላ እንደተደረገላችሁም ከሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ።