ባሕሩ ሞቆ ሳለ አውሎ ነፋሱ ለምን ይደክማል?

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የአውሎ ነፋስ ዜና የሚከታተል ሰው አንድ ነገር ግር ይለዋል። «ባሕሩ ሞቃት ነው፤ ግን ደረቅ አየር ስላለ አይጠናከርም» ይባላል። ሙቀት ካለ ምን ጎደለው?

የባሕሩ ወለል ወደ 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ መሞቁ ያስፈልጋል። ብቻውን ግን አይበቃም። አውሎ ነፋሱ ጉልበት የሚያገኘው እርጥብ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን ከሚለቀቀው ሙቀት ነው። ደረቅ አየር ሲገባበት የዝናቡ ጠብታ ይተናል። ትነት ደግሞ ያቀዘቅዛል። በታኅሣሥ ልብስ አጥባችሁ እጃችሁን ሳታደርቁ ንፋስ ላይ ብትቆሙ የሚቆረጥማችሁ ብርድ ይኸው ነው። የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ይወርድና የሚወጣውን ሙቅ አየር ያፍነዋል። ደመናው ይበጣጠሳል።

ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ደረቅ አየር ዙሪያውን ስለከበበው ብቻ አውሎ ነፋሱ አይሞትም፤ እምብርቱ በደንብ ከተዘጋ ይቋቋማል። የሚከፋው ታችና ላይ ያለው ነፋስ በአቅጣጫና በፍጥነት ሲለያይ ነው። ያኔ አውሎ ነፋሱ ይዘማል፤ ደረቁ አየርም እምብርቱ ድረስ ሰርጎ ይገባል።

ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. በኤደን ባሕረ ሰላጤ የተነሳው ሳጋር የተባለ አውሎ ነፋስ ሶማሌላንድን መትቶ ዝናቡ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደርሷል።