ስተርሊንግ ሞተር ለቤት መጠባበቂያ ኃይል፦ በደሴና በኮምቦልቻ ከፍታ

ስተርሊንግ ሞተር ነዳጅ በሲሊንደሩ ውስጥ አያነድም፤ እሳቱ ከውጭ ነው። ስኮትላንዳዊው ቄስ ሮበርት ስተርሊንግ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1816 እ.ኤ.አ. ነው። የታሸገ ጋዝ በአንድ ጫፍ እየጋለ በሌላው እየቀዘቀዘ ፒስተኑን ይገፋል። በመካከል ያለው ሪጀነሬተር፣ ብዙውን ጊዜ የተደራረበ የስቴንለስ ወንፊት፣ ሙቀቱን ተቀብሎ መልሶ ይሰጣል። ፍንዳታም ቫልቭም ስለሌለ የሚሰማው የማራገቢያውና የኩሽኔታው ድምፅ ነው።

ደሴ ላይ ወሳኙ ነገር ከፍታ ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 0.75 ባር ያህል ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ አየሩ 1 ባር ገደማ ነው)፤ ዝቅ ያለችው ኮምቦልቻ 0.8 ባር ገደማ ታገኛለች። የሞተሩ ጉልበት በውስጡ ካለው ጋዝ ግፊት ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። በደንብ ለተሠራ ሞተር የጉልበቱ ግምት በዋት ይህ ነው፦ 0.015 × ግፊት በባር × ፒስተኑ የሚጠርገው ይዘት በሲሲ × በሰከንድ የሚዞረው ብዛት። በሰከንድ 10 ጊዜ እየዞረ 500 ዋት እንዲሰጥ፣ በውስጡ ተራ የደሴ አየር ያለው 4,400 ሲሲ ሲፈልግ ጋዝ በ10 ባር ታምቆ የታሸገበት 330 ሲሲ ይበቃዋል። ስለዚህ ለመብራት የታመቀ ጋዝ ያልታሸገበት ሞተር መሥራት ድካም ነው። የታሸገው ደግሞ የቤንዚን ጄኔሬተር በከፍታ የሚያጣውን ሩብ ያህል ጉልበት አያጣም፤ ምድጃው ግን አየሩ ስስ በመሆኑ ጠንከር ያለ ማራገቢያ ይሻል።

ሂሊየም ጉልበት ይሰጣል፣ ግን በማሸጊያው ሾልኮ ይወጣል፤ ናይትሮጅን ቢደክምም ይቆያል። ዘይት ባለበት ሞተር የታመቀ አየር መሙላት አደገኛ ነው፤ የጋለ ዘይት በታመቀ አየር ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ወደ ሪጀነሬተሩ የገባ ዘይትም ከስሎ ወንፊቱን ይደፍናል። ቶርኖ ቤት የተሠራ ሲሊንደር ጋዝ ከመሞላቱ በፊት በውኃ፣ በሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይፈተን።

ከነዳጁ 12 በመቶው ወደ ኤሌክትሪክ ከተለወጠ፣ 500 ዋት በሰዓት 1 ኪሎ ገደማ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይፈጃል። ከቀሪው ሙቀት አብዛኛው በማቀዝቀዣው ውኃ ይወጣል፤ ለደሴ ብርድ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ውኃው በጋለ ቁጥር ግን ጉልበቱ ይቀንሳል። እርጥብ እንጨት ጥላሸትና ቅጥራን በማሞቂያው ቱቦ ላይ ይለጥፋል፤ ሙቀት አላስገባ ይላል፣ ሞተሩም ይደክማል። ቱቦው በየጊዜው በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ።

ሞተሩ እስኪግል ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ጭነት ድንገት ሲጨምርም ቶሎ አይከተልም። ስለዚህ ባትሪ ይሞላል፣ ቤቱ ደግሞ ከባትሪው በኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚለውጥ መሣሪያ፣ ይጠቀማል። አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ትንሽ ፍሪጅ ይችላል፤ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስበውን የእንጀራ ምጣድ አይችልም። ኢንቨርተሩ ከቤቱ መስመር የሚገናኘው በቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ቤቱን ከመንገዱ መስመር ወይም ከኢንቨርተሩ ከአንዱ ጋር ብቻ በሚያገናኝ ማብሪያ፣ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ኃይሉ ወደ ውጭ ተመልሶ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ድምፅ የለውም ተብሎም ምድጃው ሳሎን አይገባም፤ የከሰልም የእንጨትም ጭስ ይገድላል፣ ቦታው ከቤት ውጭ ነው።